ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብና በግቢው የሚያረባቸው እንስሳት

በአገራችን፣ በተለይም በደጋው ክርስቲያን ዘንድ፣ ከጋብቻ በፊት ዘር መቁጠር ከአባቶች የወረደ ሥርዓት ነው። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ሁለቱን የሚያገናኝ ስም ከተገኘ፣ ፍቅሩ ምንም ያህል ቢጸና፣ ጥሎሹም ምንም ያህል ቢበዛ፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል። በምዕራቡ ዓለምም ቤተ ክርስቲያን በመካከለኛው ዘመን በዝምድና መጋባትን እስከ ሰባተኛው ትውልድ ትከለክል ነበር፤ ክልከላውን ወደ አራተኛው ትውልድ ያወረደው በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሥርዓት ከአንድ በላይ ጥቅም አለው። የተራራቁ ቤቶችን በአማችነት ያስተሳስራል፤ ሀብትና ሥልጣን በአንድ ዘር ብቻ እንዳይከማች ያደርጋል። ከሁሉ በላይ ግን የሚወለደውን ሕፃን ይጠብቃል። ገና ያልተወለደና ስለ ራሱ ሊናገር የማይችል ፍጡር አለ፤ ስለ እርሱ ሌሎች አስቀድመው ያስባሉ፣ ይቆጥራሉ፣ አስፈላጊም ሲሆን የሚወዱትን ነገር ይተዋሉ።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ለልጆቹ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው፣ በአጥርና በብረት ዘግቶ ለሚያረባቸው እንስሳት ስንት ቤት መቁጠር ይገባዋል? ወይስ እንስሳ በመሆናቸው ምንም አይገባቸውም? ጥያቄው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን መልሱ ስለ ኀላፊነት፣ ስለ ውበት፣ «ንጹሕ ዘር» ስለሚባለውም ነገር ያለንን አሳብ ስለሚፈትን ልናስብበት የሚገባ ነው።

የስድስት ኪሎ ሰባት አንበሶች

ከኦሎምፒያ ተነሥቶ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ለገሐር የሚሄድ ሰው የይሁዳን አንበሳ ሐውልት ያያል። ጥቂት አለፍ ሲልም በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ በ1955 በፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የተቀረጸውን ታላቅ የድንጋይ አንበሳ ያገኛል። በኪሱ ያለውን ሳንቲም ቢያገላብጥ የአንበሳ ራስ አለበት፤ የከተማው አውቶቡስም ለብዙ ዘመን በአንበሳ ስም ሲጠራ ኖሯል። እነዚህ ሁሉ የድንጋይ፣ የብረትና የስም አንበሶች ናቸው። አይራቡም፣ አይታመሙም፣ አይዋለዱም።

ሕያዋኑ አንበሶች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 በስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢ አቋቋሙ። እንደሚነገረው፣ የግቢው የዘር መነሻ የሆኑት ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ ሰባት አንበሶች ነበሩ፤ ከእነርሱም አምስቱ ወንዶች፣ ሁለቱ ብቻ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ትውልድ ትውልድን እየተካ ቀጠለ። ጋማቸው የጠቆረና እስከ ደረትና ሆድ የወረደ በመሆኑ፣ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን አሰልፈው የሚያሳዩአቸው፣ እንግዶችም የሚያደንቋቸው ሆኑ።

በ2012 የላይፕሲኩ የማክስ ፕላንክ ተቋምና የእንግሊዙ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። ጥናቱ በግቢው የነበሩ 15 አንበሶችን፣ ማለትም 8 ወንዶችንና 7 ሴቶችን፣ መርምሮ ዘራቸው ንጽጽር ከተገኘላቸው ከሌሎቹ የአንበሳ መንጋዎች ሁሉ የተለየ መሆኑን አስታወቀ። ሊቃውንቱ ይህ ልዩ ዘር እንዳይጠፋ በእቅድ የሚመራ የማራባት ሥራ እንዲጀመር መከሩ። ዜናው ለአገራችን ኩራት ሆነ፤ መሆንም ይገባው ነበር። ነገር ግን ከኩራቱ ጋር አንድ ከባድ ጥያቄ አብሮ መጣ። ልዩ የሆነ ዘር ሁሉ በቁጥር ትንሽ ነው፤ በቁጥር ትንሽ የሆነ ዘር ደግሞ፣ በሩ ከተዘጋበት፣ ዘመድ ከዘመዱ ጋር ከመዋለድ በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

በዱር ያለ አንበሳ ይህን ችግር በተፈጥሮ ሕግ ይፈታዋል። ወንዱ ደቦል ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲሞላው ከተወለደበት መንጋ ይወጣል፣ ወይም ተገፍቶ ይባረራል። ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ተዋግቶና ቆስሎ፣ እናቱና እኅቶቹ ወደሌሉበት መንጋ ይገባል። ይህም እንደ ማለት ከሆነ፣ አንበሳ በእግሩ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ግቢ ውስጥ የተዘጋበት አንበሳ ግን ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ እግሩን የያዝነው እኛ ነንና። ስለዚህ አንበሳው ይፈጽመው የነበረው ግዴታ በሩን ወደ ዘጋው ሰው ተላልፏል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብም በዚህ ይጠቃለላል።

ዝምድና ወደ ሕመም የሚለወጠው እንዴት ነው?

ማንኛውም እንስሳ ከአባቱና ከእናቱ አንድ አንድ ቅጂ የዘር መልእክት ይቀበላል። እነዚህ መልእክቶች ጂን ይባላሉ። ጤናማ በሚመስል አካል ውስጥ እንኳ የተበላሹ ጥቂት ጂኖች ተሰውረው ይኖራሉ፤ ከአንዱ ወላጅ የመጣው ቅጂ ቢበላሽ ከሌላው የመጣው ደኅና ስለሚሆን ጉዳቱ አይገለጥም። ወላጆቹ የቅርብ ዘመዶች በሚሆኑበት ጊዜ ግን አንዱ የተበላሸ ቅጂ በሁለት በኩል ዞሮ በአንድ ልጅ ላይ ሊገናኝ ይችላል። ያን ጊዜ የሚሸፍነው ስለሌለ ጉድለቱ ይወጣል።

ይህ በስሌት ይታወቃል። ወንድምና እኅት ከሆኑ እንስሳት የሚወለደው፣ በማንኛውም የጂን ቦታ ላይ ከአንድ ቅድመ ወላጅ የመጣ ተመሳሳይ ቅጂ በእጥፍ የመያዝ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። የወንድማማች ልጆች ቢዋለዱ ከ16 አንድ ይሆናል። ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት በሰባተኛው ትውልድ ባለ አንድ ባልና ሚስት ብቻ ከሆነ ግን ዕድሉ ከ16,000 አንድ እንኳ አይሞላም። ሽማግሌዎቻችን ያለ ወረቀትና ያለ ቀመር የደረሱበት ጥንቃቄ ይህን ያህል ጥልቅ ነበር። በተቃራኒው ወንድምና እኅት ለሦስት ትውልድ በተከታታይ ቢዋለዱ ዕድሉ ከ2 አንድ ይደርሳል። አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ያሉት መንጋ ደግሞ፣ ቁጥሩ 7 ቢሆንም፣ የዘር ብዝኀነቱን በመጠበቅ ረገድ ከ6 እንስሳት እንደማይበልጥ ሆኖ ይቆጠራል፤ ሁሉም ከሁለት እናቶች ይወርዳሉና።

ጉዳቱ የአካል ጉድለት ብቻ አይደለም። በአካላችን ውስጥ የበሽታን ዘር ከራሳችን ሥጋ ለይተው የሚያሳዩ የጂኖች ስብስብ አለ። እያንዳንዱ ዓይነት ጂን የተወሰኑ ተሕዋስያንን ብቻ ይለያል፤ ስለዚህ የተለያዩ ጂኖች ያሉት እንስሳ ብዙ ጠላት ይለያል፣ መንጋውም በውስጡ የተለያዩ እንስሳት ካሉት በአንድ በሽታ ሁሉም በአንድነት አይወድቅም። በዝምድና የተዋለደ መንጋ ግን፣ አንድ ዓይነት ቁልፍ በሁሉም በሮች ላይ እንደ ተገጠመበት ሰፈር ነው። ሌባው አንዱን ከከፈተ ሁሉንም ከፈተ።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በአገራችንም የሚገኘው አቦሸማኔ ነው። በ1980ዎቹ ሊቃውንት ዝምድና በሌላቸው አቦሸማኔዎች መካከል ቆዳ ቈርጠው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተክሉ፣ አካላቸው የባዕዱን ቆዳ እንደ ራሱ ሥጋ ተቀበለው። ይህም የዘር ብዝኀነታቸው ምን ያህል እንደ ተሟጠጠ አሳየ። በዚያው ዘመን፣ በ1982 እና በ1983፣ በአሜሪካ በኦሬገን ግዛት በሚገኝ አንድ የእንስሳት ግቢ ውስጥ የድመት ተላላፊ በሽታ ገባ። የቤት ድመትን በብዛት የማይገድለው ያ በሽታ በግቢው ከነበሩት አቦሸማኔዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ጨረሰ።

እባብ የሚያስተምረን

ስለ አንበሳና ስለ አቦሸማኔ ማዘን ቀላል ነው፤ ያማሩ ናቸውና። ስለ እባብስ? በቅዱስ መጽሐፍም በተረታችንም ስሙ በክፉ የሚነሣው ይህ ፍጡር፣ ስለ ዝምድና መዋለድ ከሁሉ የጠራውን ትምህርት ሰጥቶናል።

በደቡብ ስዊድን፣ ስሚገሁክ በሚባል የባሕር ዳርቻ፣ ጥቂት እፉኝቶች በአንድ ጠባብ የሣር መሬት ላይ ይኖሩ ነበር። በዙሪያቸው ያለው መሬት ሁሉ ታርሶ እርሻ ስለ ሆነ ወደ ሌሎች እፉኝቶች መሻገር አልቻሉም። አጥር የሠራባቸው ሰው አልነበረም፤ እርሻው ግን አጥር ሆነባቸው። ከጊዜ በኋላ ሴቶቹ የሞቱና አካላቸው የጎደለ ልጆች በብዛት ይወልዱ ጀመር፤ ቁጥራቸውም እየወረደ ሄደ። በ1992 ተመራማሪዎች ከሌላ ሰፊ መንጋ 20 ወንድ እፉኝቶችን አምጥተው ለቀቁባቸው፤ ከአራት የመራቢያ ወቅቶች በኋላም በሕይወት ያገኟቸውን መልሰው ወሰዱ። ውጤቱ በ1999 ታተመ። ጤናማ ልጆች ተወልደዋል፣ ለመዋለድ የደረሱት ወንዶች ቁጥር እንደ ገና ከፍ ብሏል፣ በበሽታ መከላከያ ጂኖቻቸውም ላይ ብዝኀነት ጨምሯል። ለዘመናት የከበደው ችግር በጥቂት ዓመታት ቀለለ። ያስፈለገው ነገር በሩን መክፈት ብቻ ነበር።

በሌላ በኩል በአሜሪካና በአውሮፓ እባብን በቤት ውስጥ በመስታወት ሣጥን ማሳደግ ሰፊ ንግድ ሆኗል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የሚገኘው ትንሹ ዘንዶ፣ በፍርሃት ጊዜ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ‹‹ቦል ፓይተን›› የሚሉት፣ ከሁሉ ይልቅ ይፈለጋል። አራቢዎቹ ያልተለመደ ቀለም ያለው እባብ ሲያገኙ፣ ያ ቀለም በሚቀጥለው ትውልድ እንዲታይ ልጅን ከወላጁ፣ ወንድምን ከእኅቱ ጋር ያዋልዳሉ፤ ብዙዎቹ ብርቅ ቀለሞች የሚገለጡት በእጥፍ ሲወረሱ ብቻ ነውና። ከዚህ የሚመጣው የዘር ድህነት ዋጋውን የሚከፍለው እባቡ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ሕመም ይዞ ይመጣል። የሸረሪት ድር የመሰለ ጥለት ያላቸው ዘንዶዎች ራሳቸውን ቀጥ አድርገው መያዝ አይችሉም፤ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዳንዶቹም ምግባቸውን ለመያዝ ሲወረወሩ ይስታሉ። ይህ ሕመም በዝምድና መዋለድ የመጣ ሳይሆን ከጥለቱ ጂን ጋር የተያያዘ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱንም የሚያመጣው አንድ ዓይነት ምኞት ነው። ሰው ዓይኑ እንዲደሰት ብሎ፣ ሌላው ፍጡር ዕድሜውን ሙሉ እንዲሠቃይ ይፈቅዳል።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን የተመዘነ መሆን አለበት። በግዞት ያለ እባብ ሲታመም ሁሉ ምክንያቱ ዝምድና ነው ማለት ስሕተት ነው። ለምሳሌ ዘንዶዎችን ለብዙ ዓመታት ሲገድል የኖረው፣ በሕዋሳት ውስጥ እብጠት መሰል ቅንጣቶችን የሚፈጥረው በሽታ፣ ከቫይረስ ጋር የተያያዘ መሆኑ በ2012 ታውቋል። የቅዝቃዜ፣ የመጨናነቅና የንጽሕና ጉድለትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የዘር ድህነት የሚያደርገው ነገር፣ እነዚህ ጠላቶች ሲመጡ የሚቋቋማቸውን ዐቅም አስቀድሞ ማድከም ነው።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ብቻ የሚገኝ አንድ የተራራ እፉኝት አለ፤ ሳይንስ ያወቀው በ1970ዎቹ ነው። በ2016 ደግሞ በባሌ የሐረና ደን የሚገኝ ወንድሙ የሆነ ሌላ ዝርያ ተመዘገበ። የመጀመሪያው እፉኝት ዛሬ በባሕር ማዶ በሚገኙ የእባብ አፍቃሪዎች ቤት ይረባል። ከአገር የሚወጡት ጥቂት ናቸው፤ ከጥቂቶቹ የሚወለዱት ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው። የአገራችን ፍጡር በሰው ቤት በመስታወት ሣጥን ውስጥ በብዛት እየተወለደ፣ በደኑ ውስጥ ግን መኖሪያው እየጠበበ ሲሄድ፣ ‹‹ዘሩ ተረፈ›› ማለት ይቻል እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ንጹሕ ዘር» የሚባለው ፈተና

በኦሎምፒያና በካዛንቺስ መንደሮች በብረት በር ላይ ‹‹ኀይለኛ ውሻ አለ›› የሚል ጽሑፍ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከተሜው ውሻን በሁለት ይከፍላል፤ ‹‹የፈረንጅ ውሻ›› እና ‹‹የሐበሻ ውሻ››። ‹‹ክልስ›› የተባለው በመካከል ነው፣ በዋጋም ዝቅ ይላል። ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹‹ንጹሕ ነው ወይ?›› ብሎ ነው። ጀርመን ሸፐርድ የሚባለው ውሻ እንኳ እንደ አንድ ዝርያ የተመሠረተው በ1899 ነው፤ ለምሥረታውም ጥቂት የተመረጡ ውሾች እርስ በርስ በቅርብ ዝምድና ተዋልደዋል። ዛሬ በዝርያው ላይ ከሚታወቁት ሕመሞች አንዱ የዳሌ መገጣጠሚያ ጉድለት ነው፤ በሽታው ያደረበት ውሻ ገና በወጣትነቱ ለመነሣት ይቸገራል። ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድና ሴት ቡችላ ወስዶ በአንድ ግቢ ያሳደገ ሰው፣ ሌላ ‹‹ንጹሕ›› ወንድ በአቅራቢያው አጥቶ እነዚያኑ ቢያዋልድ፣ ገዢው የሚቀበለው የ‹‹ንጹሕ ዘር›› ስም ነው፤ ውሻው የሚቀበለው ግን ዕዳውን ነው።

በዚህ ቦታ ላይ የምር የሆነ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ‹‹ስለ ውሻው እሺ፤ የሰው ሠራሽ ፋሽን ነውና። ነገር ግን የስድስት ኪሎው አንበሳ ልዩነት የተፈጥሮ ሥራ ነው። ለጤናው ብለን ከሌላ አገር አንበሳ ጋር ብናዋልደው፣ የጠቆረው ጋማና ልዩው ዘር ይጠፋል። ታዲያ አንድን የእግዚአብሔር ፍጥረት በማዳን ስም ማጥፋት አይሆንም ወይ?›› ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የዘሩን ልዩነት መጠበቅ መልካም ነገር ነው፤ የሚወለደው ደቦል ጤናማ እንዲሆን ማሰብም መልካም ነገር ነው። ሁለቱ መልካም ነገሮች በተጋጩ ጊዜ የትኛው ይቀድማል?

እኔ እንደሚመስለኝ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ልዩነቱ የሚጠበቀው ለማን ነው የሚለው ነው። አንበሳው ስለ ጋማው ጥቁረት አይኮራም፤ የሚኮራው ሰው ነው። ለአንበሳው የሚጠቅመው መብላት፣ መሮጥ፣ ጤናማ ልጅ መውለድና በሽታን መቋቋም ነው። የዘሩ ልዩነት እውነተኛ ዋጋ የሚኖረው ለወደፊቱ ሕይወት የሚያገለግል ሲሆን ነው፤ ይኸውም በአንድ አገር አየርና በሽታ ውስጥ በረጅም ዘመን የተገኘ ዐቅም ስለሆነ። ልዩነቱን ለመጠበቅ ብለን ደካማና በሽተኛ ትውልድ የምናስወልድ ከሆነ፣ ሕያው አንበሳን በለገሐር እንደ ቆመው ሐውልት አድርገናል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሐውልቱ አለመታመሙ ብቻ ነው።

ደግሞም ምርጫው ሁለት ብቻ አይደለም። ያ የ2012 ጥናት ሲወጣ፣ ተመሳሳይ መልክ ያላቸው አንበሶች በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በሐረር አቅራቢያ በባቢሌ የዝሆን መጠለያ አካባቢ በዱር እንዳሉ ተነግሮ ነበር። እንግዲህ ለግቢው ዘር አዲስ ደም የሚፈለግ ከሆነ መጀመሪያ የሚፈለገው በአገር ውስጥ ነው። የዱሩን መንጋ ከገጀራና ከመርዝ መጠበቅ የግቢውንም መንጋ መጠበቅ ይሆናል፤ የዱሩ ከጠፋ ግን በግቢው ያሉት ብቻቸውን ይቀራሉ፣ ሰባት ቤት የሚቆጠርበት ቤትም አይኖርም።

ከጥቂቶች መነሣት ራሱ የሞት ፍርድ እንዳልሆነ የአውሮፓው የዱር በሬ፣ ቢሶን የሚሉት፣ ይመሰክራል። የመጨረሻው በዱር የነበረው በ1927 ከተገደለ በኋላ፣ ዘሩ የተረፈው በእንስሳት ግቢዎች ውስጥ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ያሉት ሁሉ ከ12 እንስሳት ይወርዳሉ፣ አንዱ የዘር ሐረግ እንዲያውም ከ7 ብቻ። በ1932 የመጀመሪያው የዘር መዝገብ ታተመ፤ እያንዳንዱ ጥጃ ከነአባቱና ከነእናቱ ተጻፈ። በዚህ መዝገብ እየተመሩ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚዋለድ ወሰኑ፣ በኋላም ወደ ጫካ መለሷቸው። ዛሬ በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። የዘር ድህነታቸው ጨርሶ አልተወገደም፤ ነገር ግን ተቆጥሯል፣ ተመዝግቧል፣ ባለ ዕዳም አግኝቷል።

ሰው እየተራበ ስለ እንስሳ?

ሌላው ተቃውሞ ከልብ የሚነሣና ክብር የሚገባው ነው። ‹‹በዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ሰው ያለ ምሳ ሲውል፣ ስለ አንበሳ ጂንና ስለ እባብ መከላከያ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?›› የሚል። በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ስለዚህ ሲናገር ሁለቱን ወገን በአንድ ቦታ ያስቀምጣል። እንስሳትን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል የሰውን ክብር የሚቃረን መሆኑን ያስተምራል፤ እዚያው ላይም አስቀድሞ የሰውን ችግር ለማቃለል መዋል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳት ማፍሰስ ተገቢ እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል።

ሁለቱም እውነት ከሆኑ፣ የሚከተለው መደምደሚያ ከብዙዎች አሳብ የተለየ ነው። ልንከባከበው ዐቅም የሌለንን እንስሳ አለማራባት ግዴታችን ይሆናል። መግዣ አጥቶ ሳይሆን ማሳደጊያ አጥቶ እንስሳን ማስወለድ፣ ድህነትን ምክንያት ማድረግ አይቻልበትም፤ አለማዋለድ ገንዘብ አይጠይቅምና። በ2006 የስድስት ኪሎው ግቢ ኀላፊ ለዜና ወኪሎች እንደ ተናገሩት፣ ከቦታና ከገንዘብ እጥረት የተነሣ አንዳንድ ደቦሎች በመርዝ ይገደሉ፣ በድናቸውም እንስሳ አድርቀው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ይሸጥ ነበር። በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ተቈጣ። ቁጣው ግን ያረፈው በመጨረሻው ሥራ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ሥራ፣ ማለትም ቦታም መዝገብም ሳይዘጋጅ ደቦሎቹ እንዲወለዱ መፈቀዱ፣ ያን ያህል አልተጠየቀበትም። በእኔ አስተያየት ግን የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ከዚያ ይጀምራል።

ስለ ኖኅ መርከብ የሚነገረውን የምናስታውስ ሁሉ፣ እንስሳቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ መርከቡ እንደ ገቡ እናውቃለን። የታሪኩን መጨረሻ ግን ብዙ ጊዜ አንነግረውም። ኖኅ ውኃው በጐደለ ጊዜ በሩን ከፍቶ አወጣቸው፤ የመብዛትም ትእዛዝ የተሰጣቸው ከመርከቡ ውጭ፣ በሰፊው ምድር ላይ ነው። መርከብ የመዳኛ ቦታ ነበር እንጂ የመራቢያ ቦታ አልነበረም።

በሩን የዘጋ ሰው ግዴታ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለዕለት ተዕለት ኑሯችን የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮችን እንውሰድ።

አንደኛ፣ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ከማዋለዱ በፊት የወንዱንና የሴቲቱን ወላጆች ይጠይቅ። ከአንድ ቤት የተገኙ ከሆነ አያዋልዳቸው። የእንስሳት ሐኪም እንስሳውን በቀላሉ ሊያመክነው ስለሚችል፣ ‹‹ሳላውቅ ወለዱ›› ማለት በዚህ ዘመን በቂ ምክንያት አይሆንም። ቡችላ የሚገዛ ሰውም ‹‹ንጹሕ ነው ወይ?›› ከማለት ይልቅ ‹‹እናቱና አባቱ ይዛመዳሉ ወይ? ጤንነታቸውስ እንዴት ነው?›› ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው ሲለወጥ ገበያውም ይለወጣል። ‹‹የሐበሻ ውሻ›› ተብሎ የሚናቀውም ውሻ የብዙ ቤት ልጅ በመሆኑ በደሙ ውስጥ የያዘው ሀብት እንደማይናቅ እንወቅ።

ሁለተኛ፣ የዱር እንስሳን ለጌጥ ወይም ለክብር በግቢ አለማሰር ነው። ከሕገ ወጥ ነጋዴዎችና ከእስር የተወሰዱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በሆለታ አቅራቢያ፣ እንሰሳ ኮቴ በተባለው መጠለያ ሲታከሙ ቆይተዋል። እነዚያን እንስሳት ወደ ዱር መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ በሩ አንድ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ለመክፈት መቸገርን የሚያሳይ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ እንስሳትን ለሕዝብ የሚያሳዩ ግቢዎች ሁሉ የዘር መዝገብ ሊኖራቸውና እርስ በርስም ሊነጋገሩ ይገባል። በ2019 በታላቁ ቤተ መንግሥት የተከፈተው የአንድነት ፓርክም የጥቁር ጋማ አንበሶች ማሳያ ስላለው፣ ይህ ኀላፊነት ዛሬ ከአንድ ግቢ በላይ የሆነ ነው። ልጆቻችንን አንበሳ ልናሳይ ስንወስድ፣ ‹‹ስንት ዓመቱ ነው?›› ከሚለው ጥያቄ ጋር ‹‹ከማን ተወለደ?›› የሚለውንም እንዲጠይቁ እናስተምራቸው። ዘር መቁጠርን የሚያውቅ ሕዝብ ልጆች ናቸውና ጥያቄው እንግዳ አይሆንባቸውም።

አራተኛ፣ አጥር ባልሠራንበትም ቦታ ሳናውቅ በር እየዘጋን መሆናችንን እናስተውል። በስዊድን እፉኝቶች ላይ የደረሰው በእኛም ተራራ ይታያል። ቀይ ቀበሮ በጥቂት ከፍተኛ ተራሮች ላይ ተወስኖ ቀርቷል፤ በመካከል ያለው መሬት እርሻና መንደር ሆኗል። በባሌ በ1991፣ በ2003 እና በ2008 የውሻ እብደት በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ዲስተምፐር የተባለው የውሾች በሽታ ብዙዎቹን ገድሏል። በሽታዎቹን ያመጡባቸው የእኛ ውሾች ናቸው። ውሻን ማስከተብ የባለቤቱን ልጅ ብቻ ሳይሆን በተራራው ላይ ያለውንም ፍጡር መጠበቅ ነው።

ክቡራን አንባብያን! አባቶቻችን ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ገና ላልተወለደ ልጅ ጠበቃ ሆነው ነው። ያ ልጅ ምን እንደ ተደረገለት አያውቅም፣ ማመስገንም አይችልም፤ እነርሱም ምስጋናውን አልጠበቁም። እንስሳውም እንደዚያው ነው። እግሩን ያሰረው ሰው በእርሱ ፋንታ እንዲራመድ፣ መንገዱን የዘጋበት ሰው በእርሱ ፋንታ እንዲፈልግ ይገባል። ይህን ለማድረግ ጊዜ ወይም ዐቅም የሌለው ሰው ደግሞ የቀረው መንገድ ቀላል ነው፤ አስቀድሞ በሩን አይዝጋ።